ተጫራቹን ትቶ ዕቃውን መከተል፦ በበይነ መረብ ሐራጅ አስመሳይ ተጫራችን ስለ መለየት

ባለፈው ዒድ ማግስት አቦከር ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት ለጥየቃ ሄጄ ነበር። ቡናው ከተጠጣ በኋላ የአጎቴ ባለቤት በግድግዳው ውስጥ ካለው መደርደሪያ አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አወጡ። ከውስጧ አምስት ትናንሽ ሳንቲሞች ወጡ፤ ከአያታቸው የወረሷቸው የሐረር መሐለቆች ናቸው። ቀጥለው የልጃቸውን ስልክ አቀረቡልኝ። በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተመሳሳይ ሳንቲም ለሐራጅ ቀርቦ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ በላይ መሸጡን የሚገልጽ መልእክት ነበር። «አንተ ኮምፒዩተር ተምረሃል አይደል?» አሉኝ። «ይኼ ዋጋ እውነት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በወቅቱ የማስተርስ ጥናቴን የማደርገው በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለ ነበር ማፈሬ አልቀረም። የሚከተለው አስተያየት ያ ጥያቄ በጥናቴ ላይ ያስነሣብኝን ጥርጣሬ ለማብራራት የቀረበ ነው።

አስመሳይ ተጫራች የምለው የመግዛት ፍላጎት ሳይኖረው ዋጋ ለማናር ብቻ የሚጫረተውን ሰው ነው። ይህ ሰው ሻጩ ራሱ በሌላ ስም፣ ወዳጁ ወይም ሐራጁን የሚመራው አካል ሊሆን ይችላል። በአገራችን «የጨረታ ማጭበርበር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተወዳዳሪዎች ተመሳጥረው የመንግሥት ግዢን ወይም የመሬት ሊዝን የሚከፋፈሉበት አሠራር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለውም በተወዳዳሪዎች መካከል የሚደረገውን እንዲህ ያለ ስምምነት ነው። የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚህ ተጫራቾቹ አልተመሳጠሩም፤ ከመካከላቸው አንዱ ተጫራች አይደለም እንጂ።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ መሐለቅ በ2,000 ብር መነሻ ቀረበ እንበል፤ ጭማሪው 200 ብር ነው። አንደኛው እውነተኛ ፈላጊ እስከ 6,000 ብር፣ ሁለተኛው ደግሞ እስከ 3,000 ብር ለመክፈል ቆርጠዋል። ሐራጁ ንጹሕ ከሆነ ሁለተኛው 3,000 ላይ ይቆማል፤ ሳንቲሙም በ3,200 ብር ለአንደኛው ይሸጣል። አስመሳዩ ገብቶ እስከ 5,800 ከገፋ ግን ገዢው 6,000 ብር ከፍሎ ይሄዳል፤ 2,800 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። አስመሳዩ ስቶ 6,200 ቢል ደግሞ «አሸናፊ» ይሆናል። በማግሥቱ «ገዢው ስለ ቀረ በ6,000 ብር ትወስዳለህ?» የሚል መልእክት ለአንደኛው ይደርሰዋል፤ ካልሆነም ሳንቲሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ለሐራጅ ይቀርባል።

ይህ የገዢው ጉዳት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከሐራጁ ውጭ የሚደርሰው ነው። መሐለቅ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ቡና ዕለታዊ ገበያ የለውም። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረርን በጎበኘበት ጊዜ በከተማዋ የሚሠራበት ትንሽ የናስ ገንዘብ ይህ እንደ ነበር መዝግቧል፤ ዛሬ ግን የሚገኘው በሰብሳቢዎች እጅ፣ በቤተሰብ ቋጠሮና እንደ ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ባሉ ስብስቦች ውስጥ ነው። እንዲህ ላለ ዕቃ በይፋ የሚታየው የመጨረሻው የሐራጅ ዋጋ ብቸኛው የዋጋ ምስክር ይሆናል። ምስክሩ ሐሰተኛ ሲሆን የሚታለለው በሐራጁ የገባው ሰው ብቻ አይደለም። የአጎቴ ባለቤት ማንም ላይ አልተጫረቱም፤ ነገር ግን የአያታቸውን ውርስ ለመሸጥ ወይም ላለመሸጥ የሚወስኑት በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ሙዚየም ለግዢ በጀት ሲይዝም የሚመለከተው ሌላ ቁጥር የለውም።

ታዲያ አስመሳዩን እንዴት እንለየው? በዘርፉ ብዙ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ የአውስትራሊያዎቹ የጃሮድ ትሬቫታንና የዌይን ሪድ ነው። አጥኚዎቹ ለእያንዳንዱ ተጫራች ከ0 እስከ 10 የሚደርስ የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥ ስሌት አቅርበዋል። ስሌቱ ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ተጫራቹ በአንድ ሻጭ ሐራጆች ላይ ምን ያህል ይዘወተራል፤ ከጠቅላላው ጥሪ ምን ያህሉ የእርሱ ነው፤ እየተጫረተ ምን ያህል ጊዜ ሳያሸንፍ ይቀራል፤ ሌላው ከጠራ በኋላ ምን ያህል ፈጥኖ ይመልሳል፤ ጭማሪው ምን ያህል ትንሽ ነው፤ ሐራጁ እንደ ተከፈተ ምን ያህል ቀድሞ ይገባል። አመክንዮው ግልጽ ነው። አስመሳዩ ማሸነፍ አይፈልግም፤ ስለዚህ ቀድሞ ይገባል፣ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል፣ መጨረሻው ሳይደርስ ይወጣል። ኢቤይም ቢሆን የተጫራቾችን ስም ከሸፈነ በኋላ ለተመልካቹ የተወው ፍንጭ ከዚሁ ወገን ነው፤ ተጫራቹ ባለፉት 30 ቀናት ካደረጋቸው ጥሪዎች ስንት በመቶው በዚያው ሻጭ ዕቃ ላይ እንደ ነበር ያሳያል።

እኔም የጀመርኩት ከዚህ ነበር። ስሌቱን በኮድ ጽፌ፣ ከአንድ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ቡድን የሐራጅ መልእክቶችን አውርጄ ሞከርኩት። አንድ የተጫራች ስም ከሁሉም በላይ ነጥብ አገኘ። ደስታዬ ከፍተኛ ነበር። በኋላ በአንድ ወዳጄ በኩል ሰውየውን ለመተዋወቅ ቻልኩ። ጡረታ የወጣ፣ ለሃያ ዓመታት የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ የድሬዳዋ ሰው ነው። በዚያ ሻጭ ላይ የሚያዘወትረው የሐረር ሳንቲም የሚያወጣ ሌላ ሻጭ ስለማያውቅ ነው። የሚሸነፈው ጡረታው አንሶት ነው። በትንሹ የሚጨምረውም ለዚሁ ነው። ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን ስለሚመለከት ነው። ከስድስቱ መመዘኛዎች አምስቱ በእርሱ ላይ «መሰከሩ»፤ ሁሉም የመሰከሩት ግን ድኻና ጽኑ ሰብሳቢ መሆኑን ነበር።

ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ሊባል ይችላል፤ እኔ አይመስለኝም። ስሌቱ የተሠራው ብዙ ሻጭ፣ ብዙ ገዢና ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ ላለበት ገበያ ነው። በዚያ ገበያ አንድን ሻጭ ብቻ ማዘውተር እንግዳ ነገር ነው። በጠባብ ገበያ ግን ልማድ ነው። ሮበርት ካውፍማንና ቻርልስ ዉድ በኢቤይ የሳንቲም ሐራጆች ላይ ባደረጉት ጥናት የተጠቀሙበት ብልህ መመዘኛም በዚሁ ችግር ይሰናከላል። እነርሱ የጠየቁት፣ አንድ ዓይነት ሳንቲም በሌላ ሐራጅ በዝቅተኛ ዋጋ እየቀረበ ሳለ ይህ ሰው ለምን ውዱ ላይ ይጫረታል ብለው ነው። አንድ ዓይነት ሳንቲም በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ የሚገኝ ከሆነ ጥያቄው የሰላ ነው። የአሚሮቹ መሐለቅ ግን በዓመት አንዴ ብቅ ካለ ይበቃል፤ የሚነጻጸርበት ሁለተኛ ሐራጅ አይኖርም።

እዚህ ላይ ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ቅሬታ ላቅርብ፤ ቅሬታው እኔንም ይጨምራል። በማሽን ለርኒንግ ትምህርት ክፍሎች አስመሳይ ተጫራችን ስለ መለየት የሚጻፍ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ የዳታ ስብስብ ላይ የቆመ ነው። ይህም በካናዳ ሬጂና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢቤይ ሐራጆች ተሰብስቦ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኢርቫይን የዳታ ማከማቻ የተቀመጠው 6,321 መዝገብ ነው። በዚህ ዳታ ላይ ማንኛውም ደህና ሞዴል ከ95 በመቶ በላይ ትክክለኛነት ያስመዘግባል፤ እኔም አስመዝግቤያለሁ። ነገር ግን «አስመሳይ» እና «ጤናማ» የሚሉት መለያዎች ከየት መጡ? ከፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም ከተጫራቾቹ የእምነት ቃል አልመጡም። አጥኚዎቹ ራሳቸው በግልጽ እንደ ገለጹት መዝገቦቹ በባሕርይ መመዘኛዎች በየቡድኑ ከተከፋፈሉ በኋላ የተሰጡ መለያዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛ ሞዴል 99 በመቶ «ትክክል» ሲሆን የሚነግረን የመለያ ደንቡን በሚገባ መልሶ ማግኘቱን ነው። አስመሳይን ስለ ማግኘቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ዳታውን ያዘጋጁት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ የተረጋገጠ የአስመሳይ ተጫራች መዝገብ ማግኘት ከባድ ነው። ጥፋቱ ቁጥሩን ከነአመጣጡ የማንጽፈው የእኛ ነው።

የተረጋገጡት ጥቂት ጉዳዮች እንዴት ተጋለጡ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢቤይ ላይ አንድ ሥዕል ከ135 ሺሕ ዶላር በላይ ተጠርቶበት ነበር፤ ሽያጩ የተሰረዘው ሻጩ በሌላ ስም በራሱ ዕቃ ላይ መጫረቱ ሲደረስበት ነው። በስፖርት መታሰቢያ ዕቃዎች ሐራጅ ገናና የነበረው ቢል ማስትሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋጋ ለማናር የሐሰት ጥሪ ያስገባ እንደ ነበር ለፍርድ ቤት አምኖ በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ሁለቱም ጉዳዮች የተጋለጡት የጥሪ ፍጥነት ተለክቶ አይደለም፤ መዝገብ ያላቸው አካላት መዝገባቸውን ከፍተው እንጂ። በሁለተኛው ጉዳይ አስመሳዩ ሐራጁን የሚመራው ቤት ራሱ እንደ ነበርም ልብ ይሏል።

እኔ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በጠባብ ገበያ ተጫራቹን መከተል ትተን ዕቃውን እንከተል። ተጫራቹ ስሙን በአንድ ደቂቃ ይቀይራል። ዕቃው ግን መልኩን አይቀይርም።

የኮሚክ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመው የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 አንድ ቅጂ በ2014 በኢቤይ ሐራጅ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ገበያ ገዢዎች በሻጩ ቃል ብቻ አያምኑም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሲጂሲ የተባለው ድርጅት የእያንዳንዱን ቅጂ የጉዳት ደረጃ መርምሮ በፕላስቲክ ያሽጋል፤ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። አንድ ባለቁጥር ቅጂ «ተሸጠ» ከተባለ በኋላ በወሩ በዚያው ሻጭ እጅ ተመልሶ ሲቀርብ ማንም ያየዋል። ማሸጊያውን ሰብሮ አዲስ ቁጥር የሚያወጣ አይጠፋም፤ ቢሆንም ወጪና ድካም አለበት።

መሐለቅ የታሸገ ቁጥር የለውም። ነገር ግን ከቁጥር የሚበልጥ ነገር አለው፤ በእጅ የተመታ ነው። የአንዱ ጽሑፍ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ የሌላው ጠርዝ ተሸርፏል፣ የሌላው ማኅተም ከመካከል ወጥቷል። ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት መሐለቅ የለም። ስለዚህ በሐራጅ የቀረቡ ሳንቲሞችን ፎቶግራፍ በቀን አስይዞ ማከማቸትና አዲስ የቀረበውን ከቀድሞዎቹ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ምስልን ከምስል የማነጻጸሪያ ስልቶች ዛሬ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ፤ ጥቂት መቶ ሥዕሎችን ከሆነ በዓይንም ማድረግ ይቻላል። የአንድ ሳንቲም ተደጋግሞ መቅረብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እውነተኛ ገዢም ሐሳቡን ይለውጣል። አንድ ሻጭ «ሸጥኳቸው» ያላቸው ሳንቲሞች ደጋግመው በራሱ እጅ የሚገኙ ከሆነ ግን ማብራሪያ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። የድሬዳዋው ጡረተኛ ነፃ ይወጣል። በእኔ ግምት የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ጥርጣሬው ከደካማው ተጫራች ተነሥቶ ዕቃውን ወደ ያዘው ወገን ይዞራል።

ለብር ጠገራው ይህ ዘዴ አይመችም። የማሪያ ቴሬዛ ብር በማሽን የተመታ፣ በየትኛውም ዘመን ይመታ የ1780 ቀን የታተመበት በመሆኑ አንዱን ከሌላው ለመለየት ከጭረቱ በቀር የሚያግዝ የለም። ብዛቱም ከፍተኛ ስለሆነ የካውፍማንና የዉድ ዘዴ ለእርሱ ይሻላል።

ከዕቃው ቀጥሎ መታየት ያለበት የመልእክቱ መዝገብ ነው። በትላልቅ የቴሌግራም ቡድኖችና ቻናሎች እያንዳንዱ መልእክት ተከታታይ ቁጥር አለው። አንድ ጥሪ ሲሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፤ 418 ቀርቶ ከ417 ወደ 419 ይዘለላል። ውይይቱን ወደ ፋይል ያወረደ ሰው እነዚህን ክፍተቶች ይቆጥራል፤ የታረመ መልእክትም የታረመበት ሰዓት በፋይሉ ላይ ይታያል። ክፍተት ሁሉ ተንኮል አይደለም፤ ማስታወቂያና ስድብም ይሰረዛል። ነገር ግን ክፍተቶቹ የሚበዙት በሐራጁ የመጨረሻ ሰዓትና «ገዢው ቀረ» ከሚለው መልእክት በፊት ከሆነ፣ ከማንኛውም የጥርጣሬ ነጥብ ይልቅ ይህን ማመን እመርጣለሁ። ሰርዞ የሚያርመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስተዳዳሪው እንደ ሆነ መታወስ አለበት።

አንዳንዶች መፍትሔው ማስያዣ ነው ይላሉ። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት በሐራጅ ሲሸጡ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ እንዲያስይዝ ሲጠይቁ በየጋዜጣው እናነባለን፤ በቴሌብር ትንሽ ገንዘብ ማስያዝስ ምን ይከብዳል? ሐሳቡ ለቀልደኛ ተጫራች ይሠራል። ለአስመሳይ ግን አይሠራም፤ ማስያዣው የሚቀመጠው በአስተዳዳሪው እጅ ነውና። አስተዳዳሪው ከሻጩ ጋር ካበረ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪስ ይገባል። ማስያዣውን የሚይዘው ሦስተኛ ወገን ካልሆነ በቀር ለገዢው የሐሰት መተማመኛ ይፈጥራል፤ ይህም ምንም ከሌለው ሐራጅ የባሰ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በበይነ መረብ ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው ለዳኛ የሚቀርብ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከአስተዳዳሪዎች የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ የእያንዳንዱን ሐራጅ ሙሉ የጥሪ ቅደም ተከተል ከነሰዓቱ ይተዉልን፤ የተጫራቹ ስም በማይለወጥ ኮድ ይተካ፤ ገዢ ሲቀር መቅረቱ ይጻፍ፤ የቀረ ዋጋ «የተሸጠበት» ተብሎ አይመዝገብ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ስም ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እኔ ስም አልጠየቅሁም። ኮድ ይበቃኛል፤ ሳንቲሙን ካየሁ ደግሞ ኮዱም ባይኖር ብዙ መንገድ እሄዳለሁ።

ሻጮችም ሐቅ አላቸው። ብርቅ ዕቃን በ2,000 ብር ከፍቶ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ያለ ዋጋው ሊሄድበት ይችላል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ለዚህ ቀጥተኛ መንገድ አለ፤ ከዚህ በታች አልሸጥም ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ካውፍማንና ዉድ በኢቤይ ሻጮች ይህን ከማድረግ የሚሸሹበትን አንድ ምክንያት ጠቁመዋል፤ ከፍ ያለ መነሻ ዋጋ ከፍ ያለ የማስተዋወቂያ ክፍያ ያስከትላል። በእኛ የቴሌግራም ቡድኖች ይህ ክፍያ የለም። የሚቀረው ምክንያት ዝቅተኛ መነሻ ሕዝብ ይሰበስባል የሚለው ነው፤ እርሱን ደግሞ ሰበብ አድርጎ መቀበል ይከብደኛል።

ጥናቴን ቀይሬያለሁ። አሁን የማዘጋጀው የጥርጣሬ ነጥብ ሳይሆን የሳንቲም ፎቶግራፍ መዝገብ ነው፤ አነስተኛ ነው፣ ቀስ ብሎም ያድጋል። ሥራው ሌላም ጥቅም አለው። የባህል ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ስለሆነ፣ የትኛው ሳንቲም መቼ የት እንደ ታየ የሚያሳይ መዝገብ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያም ይረዳል። የታሪክና የቅርስ አያያዝ ተማሪዎች ቢተባበሩኝ ደስ ይለኛል፤ የአሚር ዓብዱላሂን ሳንቲም ከቀዳሚው አሚር ለመለየት የእኔ ዓይን ገና አልሠለጠነም።

ባለፈው ወር ወደ አቦከር ተመልሼ ነበር። በስልኩ ላይ ውድ ዋጋ ያወጣውን ሳንቲም ከሰበሰብኳቸው ሥዕሎች ጋር አነጻጽሬ ለአጎቴ ባለቤት አሳየኋቸው። በቀኝ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። ያው ሽራፊ፣ ያው ያዘነበለ ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሁለት ጊዜ ለሐራጅ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ «ተሽጧል» ተብሎለታል። ሥዕሎቹን ደጋግመው ተመለከቱ። «እንዲህ ከሆነማ አልተሸጠም» አሉ። አለመሸጡን በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው። የራሳቸውን አምስቱን ሳንቲሞች በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ እንዳነሣቸው ፈቀዱልኝና መልሰው ቋጠሯቸው።